አዲስ አበባ የወለዳችሁ የአሜሪካ ሲቲዝኖች፣ ለልጁ የመጀመሪያ ፓስፖርት ምን ይጠየቃል?

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደውሎ "ለልጄ ቪዛ ላስመታለት ነው፣ የትኛውን ፎርም ነው ምሞላው?" አለኝ። እሱ ዳላስ 11 ዓመት ኖሯል፣ ሲቲዝን ከሆነም ቆይቷል፣ ሚስቱ እዚህ አዲስ አበባ ናት፣ ልጁ ገና ክርስትና አልተነሳም። ኧረ ቆይ አልኩት፣ የምን ቪዛ? ልጁ ሲቲዝን ከሆነ ቪዛ አይመታለትም፣ አሜሪካ ሚገባው በአሜሪካ ፓስፖርት ነው። ሲቲዝን ካልሆነ ደሞ ፓስፖርቱ አይወጣለትም። ስለዚህ ከፎርሙ በፊት ልጁ ምን እንደሆነ ይታወቅ። ይሄን ብቻ ስናወራ ሰዓቱ ሄደ፣ እኔም ያኔ ለራሴ ልጅ ስሯሯጥ ያወኩትን በሙሉ ነገርኩት፣ ሌላም ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ የተወለደ ልጅ የልደት ሰርተፊኬቱን ይዞ ሄዶ ፓስፖርት ያወጣል፣ አለቀ። አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ ግን የወረዳው ሰርተፊኬት መቼና ከማን እንደተወለደ እንጂ አሜሪካዊ ስለመሆኑ ምንም አይልም። ዜግነቱ ሚመጣው ከእናቱ ወይ ካባቱ ነው፣ እሱም ተወልዶ በተገኘባት ቀን በህግ ወይ አግኝቶታል ወይ አላገኘም። ኤምባሲው ዜግነት አይሰጥም፣ አግኝቶ ከሆነ ይመዘግባል። የምዝገባው ወረቀት ሲአርቢኤ ይባላል፣ ውጭ አገር የተወለደ አሜሪካዊ መሆኑን ሚያሳይ ሰነድ ማለት ነው፣ ልጁ 18 ሳይሞላው ነው ሚጠየቀው፣ አንዴ ከወጣ ደሞ ኤክስፓየር አያደርግም። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሲአርቢኤውንም ፓስፖርቱንም በአንድ ቀጠሮ ነው ሚያመለክተው፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ።

እና ኤምባሲ ስትሄዱ ሚመረመረው የናንተ የአሜሪካ ኑሮ ነው፣ ህፃኑማ እቅፍ ላይ ተኝቶ ነው ሚውለው። ሰው ሚወድቀውም እዚህ ጋር ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ፣ ልጁ በተወለደበት ቀን ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ ሲቲዝን መሆን አለበት። በኋላ መሆን አይረዳም። ሲቲዝን ሚኮነው ደሞ ኢንተርቪው ባለፉበት ቀን ሳይሆን መሃላ በፈፀሙበት ቀን ነው። የአንዲት ጓደኛዬ ባል ፈተናውን አልፎ መሃላው ሦስት ሳምንት ሲቀረው እሷ እዚህ ወለደች፣ እኛ ሁላችን በደስታ "አሜሪካዊው መጣ" ስንል ነበር፣ ልጁ ግን በዛች ሦስት ሳምንት ምክንያት ሲአርቢኤ አልተሰራለትም፣ በሌላ መንገድ ነው የሄደው፣ እሱን ወደታች እመጣበታለሁ።

ሁለተኛው የቀን ቆጠራው ነው። ሁለታችሁም ሲቲዝን ሆናችሁ ከተጋባችሁ ቀላል ነው፣ ልጁ ከመወለዱ በፊት አንዳችሁ አሜሪካ ነዋሪ ሆናችሁ ማወቃችሁ ይበቃል። አንዱ ሲቲዝን ሌላው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ግን (የብዙዎቻችን ኬዝ ይሄ ነው) ሲቲዝኑ ልጁ ከመወለዱ በፊት በአካል አሜሪካ ምድር ላይ 5 ዓመት መቆየት አለበት፣ ከዛ ውስጥ 2ቱ 14 ዓመት ከሞላው በኋላ መሆን አለባቸው። ይሄ ህግ ከኖቬምበር 14 ቀን 1986 ጀምሮ ለተወለዱ ልጆች ነው ሚሰራው። ትልቅ ሰው ሆናችሁ በዲቪ የሄዳችሁ ከሆነ የ14ቱ ነገር አያሳስባችሁም፣ አምስቱን ብቻ ቁጠሩ። አምስቱ ዓመት ተከታታይ መሆን የለበትም፣ ተጠራቅሞ ነው። ሲቲዝን ከመሆናችሁ በፊት የነበረውም ይቆጠራል፣ በግሪን ካርድም ይሁን በተማሪ ቪዛ ይሁን አሳይለም ጠይቃችሁ መልስ ስትጠብቁ ይሁን፣ እግራችሁ እዛ የነበረበት ቀን በሙሉ ቀን ነው። ለእረፍት አዲስ አበባ የመጣችሁበት ግን ይቀነሳል።

አሁን ብዙ ሰው ሚገርመው ነገር፣ "እኔ ሲቲዝን ነኝ፣ ሲቲዝን ለመሆን አምስት ዓመት ጠብቄ የለ እንዴ፣ እንዴት ይጎድለኛል?" ይላል። ይጎድላል! ምክንያቱም ለሲቲዝንሺፕ ስታመለክቱ ከአምስቱ ዓመት ውስጥ በአካል እዛ መገኘት ሚጠበቅባችሁ 30 ወር ነው፣ በትዳር በሦስት ዓመት ለሚያመለክት ደሞ 18 ወር። ሁለቱ ህጎች ሚቆጥሩት የተለያየ ነው። በቁጥር ላሳያችሁ፣ አንድ ሰው ፌብሩዋሪ 2016 አሜሪካ ገባ እንበል፣ መሃላውን ፈፅሞ ጁን 2021 ጠቅልሎ አዲስ አበባ ተመለሰ። 64 ወር ነው፣ ከአምስት ዓመት በላይ። ግን መሃል ላይ ሁለቴ፣ አንዴ ለሰርግ አንዴ ለእናቱ ህመም፣ አምስት አምስት ወር እየመጣ ቆይቷል። 64 ሲቀነስ 10፣ 54 ወር። ሚፈለገው 60 ነው። ሰውዬው ሙሉ ሲቲዝን ነው፣ ይመርጣል፣ ፓስፖርት አለው፣ በ2022 አዲስ አበባ የተወለደችው ልጁ ግን ስትወለድ ሲቲዝን አልነበረችም። ከተወለደች በኋላ ሄዶ ስድስት ወር ቢጨምርም ወደኋላ አይሰራም። ስለዚህ ገና ያልወለዳችሁና ድንበሩ ላይ ያላችሁ ሰዎች ካሁኑ ካልኩሌተር አውጡ።

ሳትጋቡ ከወለዳችሁ አባቱ ሲቲዝን ሲሆን ከአምስቱ ዓመት በተጨማሪ የደም ዝምድናው በማስረጃ መታየት አለበት፣ ልጁ 18 እስኪሞላው በገንዘብ እንደሚረዳ በፅሁፍ መፈረም አለበት፣ ልጁ 18 ሳይሞላው አባትነቱን በህግ መቀበልም አለበት። ሲቲዝኗ እናት ከሆነች ከጁን 12 ቀን 2017 ጀምሮ ለተወለዱ ልጆች ያው አምስቱ ዓመት ነው፣ ከዛ በፊት ለተወለዱት ግን አንድ ዓመት ያልተቋረጠ ቆይታ ይበቃ ነበር። ትልልቅ ልጅ ያላችሁና እስካሁን ያላስመዘገባችሁ እናቶች ይቺን አስተውሉ።

ጋብቻ ካልኩ አይቀር፣ በሽማግሌ ወይም በቤተክርስቲያን ወይም በኒካ ተጋብታችሁ ወረዳ ያላስመዘገባችሁ ካላችሁ ቀጠሮው ሳይደርስ አስመዝግቡ። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ህግ በሃይማኖትና በባህል የተፈፀመ ጋብቻን ይቀበላል፣ ግን ኤምባሲው ሚያየው ወረቀት ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ ጋብቻው የተፈፀመበት ቀንና የተመዘገበበት ቀን ለየብቻ እንዲፃፉ ተከታተሉ፣ ልጁ ከተወለደ በኋላ ካስመዘገባችሁ ሚያድናችሁ የመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚህ በፊት አግብቶ የፈታ ካለ የፍቺ ወረቀቱም ይጠየቃል።

ወደ ማስረጃው። ሲአርቢኤ ሚጠየቅበት ፎርም ዲኤስ-2029 ይባላል፣ እዛ ላይ አሜሪካ የነበራችሁበትን ጊዜ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እያላችሁ ትሞላላችሁ። እኔ ሲያትል ከ2011 እስከ 2020 ነበርኩ፣ መጀመሪያ ስሞላው በጅምላ "2011 - 2020" ብዬ ፃፍኩ፣ ከዛ ማታ የድሮ ፓስፖርቶቼን አውጥቼ ማህተሞቹን ሳገላብጥ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ገብቻለሁ፣ አንዱን ጭራሽ ረስቼዋለሁ፣ ለአባቴ ሙት ዓመት የመጣሁትን። በርግጥ ቢቀነስም አይጎድለኝም ነበር፣ ግን በጅምላ የተሞላ ፎርምና ማህተሙ አልገጥም ካለ ኦፊሰሩ ሌላውንም ነገር መጠራጠር ይጀምራል። ስለዚህ በቀን በቀን ሙሉት። የድሮ ፓስፖርት ደሞ አትጣሉ፣ የኢትዮጵያውንም ጭምር፣ ሚመለስ ከሆነ እንኳን ከመመለሱ በፊት እያንዳንዱን ገፅ ስካን አድርጉ።

ምን ማስረጃ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? ከሁሉ ሚበልጠው የትምህርት ትራንስክሪፕት ነው፣ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው እዛው ነበረ ማለት ነው። እኔን ያዳነኝ የኮሚውኒቲ ኮሌጄ ትራንስክሪፕት ነው፣ ያኔ በናይት ሺፍት መካከል እያንቀላፋሁ የወሰድኳቸው ክላሶች እንዲህ ይጠቅሙኛል ብዬ አስቤም አላውቅ። ከዛ ደብሊው-2 (አሰሪ በየዓመቱ ሚሰጠው የደሞዝ ወረቀት)፣ የደሞዝ ስሊፕ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ሚሰጠው የገቢ ዝርዝር፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የህክምናና የክትባት ካርድ። የታክስ ሪተርን ብቻውን ደካማ ነው፣ ሰው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎም ታክስ ፋይል ያደርጋል። ኡበር ወይም ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው 1099 ሚባለውን ዓመታዊ የገቢ ወረቀት ብቻ ይዞ ከመጣ ዓመቱን እንጂ ወሩን ስለማያሳይ የባንክ ስቴትመንት፣ የመኪና ሰርቪስ ደረሰኝ፣ ያገኘውን ይጨምርበት። ከአምስቱ ዓመት ትንሽ ብቻ ሚተርፈው ሰው ብዙ ወረቀት ያብዛ፣ 15 ዓመት የኖረ ሰው ሻንጣ ሙሉ መሸከም የለበትም።

ሌላው ማስረጃ የልጁና የናንተ ዝምድና ነው። እናቲቱ ሲቲዝን ከሆነች ብዙ አያስቸግርም፣ የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ አልትራሳውንድ፣ የሆስፒታሉ የወሊድ ማስረጃ፣ ሆዷ ገፍቶ የተነሳችው ፎቶ። ሲቲዝኑ አባት ከሆነና ዳላስ ሚኖር ከሆነ ግን ልጁ በተፀነሰበት ሰሞን ባልና ሚስቱ አብረው እንደነበሩ ማሳየት ይመጣል፣ ቦሌ የተመታው የመግቢያና የመውጫ ማህተም እዚህ ጋር ወርቅ ነው። ኦፊሰሩ ካልበቃው ዲኤንኤ ሊጠቁም ይችላል፣ እሱም ኤኤቢቢ ሚባለው ተቋም እውቅና በሰጠው ላብራቶሪ በኤምባሲው በኩል ነው ሚሰራው፣ ሳትጠየቁ በራሳችሁ አሰርታችሁ ብትሄዱ ገንዘባችሁን ነው ምትጨርሱት።

አሁን ደሞ የኛው አገር ወረቀት። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ነው ሚመዘገበው፣ አታሳልፉት። ሰርተፊኬቱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይፃፋል፣ ችግር ሚፈጠረው እንግሊዝኛው ላይ ነው። ፀሐፊዋ እጃችሁ ላይ ከማኖሯ በፊት ኮምፒውተሯ ላይ ሄዳችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ። ስማችሁ ላይ "ፀ" ካለ በቲ-ኤስ ነው ወይስ በቲ ብቻ? "ቀ" ካለ በኬ ነው ወይስ በኪው? በፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው መሆን አለበት። የልጁን ስም ደሞ ከነአያቱ አፅፉ፣ ምክንያቱም በኛ አያት ሚሆነው ስም ነው በአሜሪካ ወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ሚሆነው። እናቲቱ ፍፁም ሌላ ስም መያዟ ችግር የለውም፣ አትጨነቁ።

ቀኑን እናንተው ራሳችሁ ቀይሩት። የኔ ልጅ የጳጉሜ ልጅ ናት፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2015፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2023 ማለት ነው። ወረዳ ላይ የመዘገባት ሠራተኛ አዲስ ዓመት በዛ ዓመት ሴፕቴምበር 12 እንደዋለ ያውቃል፣ ጎበዝ፣ ከዛ ወደኋላ ቆጠረና ሴፕቴምበር 9 ብሎ ፃፈ። የረሳው ነገር ጳጉሜ በዛ ዓመት ስድስት ቀን መሆኗን ነው። ሆስፒታሉ 8 ይላል፣ ወረዳው 9። ይቺን አንድ ቀን ለማስተካከል አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ አንድ ቀን ሲስተም የለም፣ አንድ ቀን ሃላፊው ስብሰባ፣ አንድ ቀን መብራት፣ አራተኛው ቀን አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ሁለታችሁም እዚህ ካላችሁ ልጁን ይዛችሁ ሁለታችሁም ቀጠሮው ላይ ቅረቡ፣ እንጦጦ መንገድ ያለው ኤምባሲ፣ በጊዜ ድረሱ፣ ከሽሮ ሜዳ ወዲህ ያለውን የጠዋት መንገድ ታውቁታላችሁ። አንዱ ከሌለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ ሰው ሁሌ ያምታታቸዋል። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፓስፖርት ሚወጣው በሁለቱም ወላጅ ፈቃድ ነው፣ ያልመጣው ወላጅ ዲኤስ-3053 ሞልቶ ኖታሪ ፊት ፈርሞ ከመታወቂያው ኮፒ ጋር (ፊትና ጀርባ) ይልካል፣ ከተፈረመ 90 ቀን ካለፈው አይሰራም። ይሄ ለፓስፖርቱ ነው። ያልመጣው ወላጅ ሲቲዝኑ ራሱ ከሆነ ግን፣ ማለትም አባት ዳላስ ሆኖ እናት ብቻዋን ስትቀርብ፣ ለሲአርቢኤው ዲኤስ-5507 ሚባል ሌላ ፎርምም ያስፈልጋል፣ የራሱን የአሜሪካ ቆይታ እዛ ላይ በዝርዝር ሞልቶ እዛው ኖታሪ ፊት ይፈርማል። የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ነው ሚልከው። አንዱን ብቻ ልኮ ሚስቱን ሁለቴ ማመላለስ ግን ያሳዝናል፣ አራስ ናት።

ዲኤስ-2029ንና የፓስፖርቱን ፎርም ዲኤስ-11ን ቤት ሞሉ፣ ግን አትፈርሙ፣ ሚፈረመው እዛው ኦፊሰሩ ፊት ነው። ክፍያው አሁን ባለው ለሲአርቢኤ 100 ዶላር፣ ለፓስፖርት 100 እና የማስፈፀሚያ 35፣ ሲደመር 235 ዶላር። ሲአርቢኤው ባይፈቀድም የከፈላችሁት አይመለስም፣ ለዛ ነው ቀኑን ቤት ቁጠሩ ምላችሁ። ፎቶው 5 በ5 ሴንቲሜትር፣ ጀርባው ነጭ፣ ሌላ ሰው መታየት የለበትም፣ የናንተ እጅም ቢሆን። ጨቅላ ከሆነ አይኑ በደንብ ባይገለጥም ይቀበላሉ። እኛ አልጋ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን አስተኝተናት ከላይ ነው ያነሳናት፣ ሠላሳ ምናምን ፎቶ፣ በመጨረሻ የሆነችው ልታለቅስ ስትል የተነሳችው ናት።

ኢንተርቪው ከሚባለው ነገር ይልቅ መጠበቁ ነው ረጅሙ። ኦፊሰሯ እኔን የጠየቀችኝ ሦስት ጥያቄ ነው፣ አሜሪካ መቼ ገባሽ፣ ምን ትሰሪ ነበር፣ ከባልሽ ጋር እንዴት ተዋወቃችሁ። ፓስፖርቱ አሜሪካ ታትሞ ነው ሚመጣው፣ ስለዚህ ትኬት አስቀድማችሁ አትቁረጡ። እውነተኛ አስቸኳይ ነገር ካለ አጭር ጊዜ ሚያገለግል ድንገተኛ ፓስፖርት አለ፣ ትኬት ረክሶ ማግኘት ግን አስቸኳይ አይደለም። ለሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም ወዲያው አመልክቱ፣ ፎርሙ ኤስኤስ-5-ኤፍኤስ ነው፣ በነፃ ነው፣ ያለሱ የቻይልድ ታክስ ክሬዲት ሚባለውን ለልጅ ሚሰጥ የታክስ ቅናሽ አታገኙም።

ቀን ለጎደላችሁ ሰዎች ደሞ በሩ አልተዘጋም። አንደኛው ለልጁ አይ-130 ሚባለውን የቤተሰብ ማስመጫ ፎርም ፋይል ማድረግ ነው፣ ኢሚግራንት ቪዛ ይጠየቅለታል (ያኔ ቪዛ ማለት ይቻላል)፣ 18 ሳይሞላው ገብቶ ከሲቲዝን ወላጁ ጋር መኖር ከጀመረ ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ጀምሮ በሚሰራው ህግ ወዲያው ሲቲዝን ይሆናል። የጓደኛዬ ልጅ በዚህ ነው የሄደው። ሁለተኛው አዲስ አበባ መኖራችሁን መቀጠል ከፈለጋችሁ ነው፣ ውጭ ለሚኖር ልጅ ዜግነት ሚጠየቅበት ፎርም ነው፣ ኤን-600ኬ ይባላል፣ የናንተ ቀን ባይሞላ የአያቱ አምስት ዓመት ይቆጠርለታል፣ ማለትም እናታችሁ ወይ አባታችሁ ሲቲዝን ሆነው አሜሪካ የኖሩ ከሆነ። ይሄኛው ላይ ልጁ 18 ሳይሞላው አሜሪካ ድረስ ሄዶ ነው ሚጨረሰው።

የኢትዮጵያውን በኩልም እወቁ። አንዳችሁ ኢትዮጵያዊ ከሆናችሁ በአዋጅ 378/1996 ልጁ ኢትዮጵያዊም ሆኖ ነው ሚወለደው። ግን አገራችን ጥምር ዜግነት አትቀበልም፣ ልጁ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚይዝ ካላሳወቀ በፈቃዱ እንደተወው ነው ሚቆጠረው። ሁለታችሁም የአሜሪካ ሲቲዝን ከሆናችሁ ሚመለከታችሁ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያው ነው፣ ቢጫ ካርዱ።

ፓስፖርቱ ከመጣ በኋላ ደሞ ቦሌ ሄዳችሁ እንዳትደናገጡ። ልጁ በአሜሪካ ፓስፖርት ሊወጣ ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ ግን የመግቢያ ማህተም የለም፣ ምክንያቱም እዚሁ ነው የተወለደው። ከጉዞው ቀደም ብላችሁ ኢሚግሬሽን ሄዳችሁ የመውጫውን ነገር ጨርሱ፣ የልደት ሰርተፊኬቱን ኦርጅናሉን ያዙ። ፓስፖርቱ ላይ ፊርማ ሚለው ቦታ ላይ ለህፃን የልጁን ስም ትፅፋላችሁ፣ አጠገቡ የራሳችሁን ትፈርሙና በቅንፍ እናት ወይም አባት ብላችሁ በእንግሊዝኛ ትፅፋላችሁ። ሚያገለግለው አምስት ዓመት ነው፣ ሲያልቅ እድሳት ሚባል ነገር የለም፣ ልጁ ከ16 በታች እስከሆነ ድረስ ያው ዲኤስ-11፣ ያው ሁለት ወላጅ፣ ያው ቀጠሮ፣ ቀን ቆጠራው ብቻ ነው ማይደገመው።